ከሆዳችን ምን እንደሚወጣ ቀድሞ ይነገረን፦ ለሪፈር ሆስፒታላችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለሪፈር ሆስፒታላችን የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ክፍል
ግልባጭ፦ በከተማው ዳርቻ ላሉ ጤና ጣቢያዎች ኃላፊዎች
ጉዳዩ፦ የማህፀን በር ካንሰር ቀዶ ሕክምና ስፋትና ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊና ሐኪሞች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቂሊንጦ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶና ከካራ የምንመጣ ሴቶች ነን። ገሚሶቻችን የማህፀን በር ካንሰር ታክመናል። ገሚሶቻችን አስታማሚዎች ነን። የተዋወቅነው እናንተ ኮሪደር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። አሁን በወር አንዴ ከአንዳችን ቤት ቡና እየጠጣን እንገናኛለን። የተመዘገበ ማኅበር አይደለንም፣ ማህተምም የለንም። መዝገብ ቤታችሁ ማህተም የሌለው ደብዳቤ አልቀበልም ስላለን ነው በአደባባይ ያወጣነው።

ለመጻፍ ያነሳሳን በክፍሉ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ይዘው ከሆስፒታል የሚወጡ ታካሚዎች ከእንግዲህ ካቴተሩን የሚያስነቅሉትም ሆነ የሽንት ክትትላቸውን የሚያደርጉት በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ ነው ይላል። ሐሙስ ሐሙስ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ታካሚዎችን የምታነጋግረው ሲስተርም ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች። የእሷ ፕሮግራም ቀርቷል። ምክንያቱ መጨናነቅ ነው ተብለናል። መጨናነቁን እናውቀዋለን፤ የምንጨናነቀው እኛው ነን።

ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ሆዷ ገና ያልዳነ ሴት ከከተማው ጫፍ ተነስታ በሃይገር ስትንገጫገጭ ምን እንደሚሰማት የቀመሰች ታውቀዋለች። ጤና ጣቢያው ቢሠራልን እሰየው ነበር። ችግሩ ጤና ጣቢያዎቹ ነገሩን ጨርሶ አለመስማታቸው ነው።

እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች የምታከፋፍል አንዲት እህታችን የሆነችውን እንንገራችሁ። ካቴተሯን ይዛ ወጣች። በተባለችው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደች። ካርድ ክፍል ተሰልፋ ስትገባ “ይሄን ይዘሽ ማን ነው እዚህ የላከሽ?” ተባለች። ይዛው የሄደችው ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ምን እንደተሠራላት፣ ቱቦው ለምን እንደቆየ፣ ከተነቀለ በኋላ ምን መለካት እንዳለበት አይናገርም። ሲስተሯ ፈራች፤ አንፈርድባትም። “ያስገቡልሽ ያውጡልሽ” ብላ መለሰቻት። እህታችን ወደ እናንተ መጣች። እዚህ ደግሞ ማስታወቂያውን አሳዩዋት። መጨረሻ ላይ ሰፈር ውስጥ ባለ የግል ክሊኒክ ከፍላ አስነቀለች። ከሸናች በኋላ ፊኛዋ ውስጥ ስንት ሚሊ ሊትር እንደቀረ የለካ የለም። ሌሊት ሽንቷ ቆመ። ሆዷ ተነፋ። ልጇ በባጃጅ፣ ከዚያ በኮንትራት ታክሲ ድንገተኛ ክፍል አደረሳት። ዛሬም ሽንቷ ሲመጣ በደንብ አይሰማትም። ሰዓት እያየች፣ ሆዷን በእጇ እየተጫነች ነው የምትሸናው። ምጣዱ ላይ ሆና ሰዓት መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መተው ይሻላል።

ጉዳዩ የካቴተር ብቻ ቢሆን ደብዳቤው እዚህ ላይ ባለቀ። ግን ቱቦውን ያመጣው የኦፕራሲዮኑ ስፋት ነው። ዋናው ቅሬታችንም እሱ ላይ ነው። ከሆዳችን ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ለምን ያን ያህል እንደሚወጣ፣ ያነሰ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳንም።

የምንጽፈው ከሰማይ አምጥተን አይደለም። ከመካከላችን አንዷ የባዮሎጂ መምህርት ናት። የሁለታችን ልጆች ደግሞ ጤና ይማራሉ። ያነበቡትን ለእኛ በሚገባን ቋንቋ አስረድተውናል። የተሳሳትነው ካለ አርሙን፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ውይይት ነው።

እንደተረዳነው ሰፈር ውስጥ “ማህፀኗ ወጣ” እየተባለ የሚያልፈው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ቀላሉ ማህፀኑንና በሩን ብቻ ያወጣል። ሰፊው ደግሞ ማህፀን በሩን ከግራና ከቀኝ አቅፎ የያዘውን ሥጋ እስከ ዳሌው ግድግዳ ድረስ፣ ከብልት ቦይም የላይኛውን፣ የውስጠኛውን ክፍል ጨምሮ ያወጣል። በመካከላቸው የጎኑን ሥጋ በከፊል ብቻ የሚያወጣ አለ። የዳሌ ንፍፊቶችም ለምርመራ አብረው ይወጣሉ። የፊኛን ነገር የሚያበላሸው ያ የጎን ሥጋ ነው። ፊኛን የሚያዙት ነርቮች በውስጡ ያልፋሉ። ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቱቦም እዚያው ነው። ሥጋው በሰፊው ሲወጣ ነርቮቹም ይጎዳሉ። ነርቮቹን ለይቶ የሚያስቀር አሠራርም አለ።

ሰፊው ኦፕራሲዮን ለክፋት የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 1898 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) ቪየና ላይ ቬርትሃይም የሚባለው ሐኪም ሲጀምረው ለዚህ በሽታ የጨረር ሕክምና አልነበረም። ካንሰሩ ወደ ጎን ሄዶ ይሆናል ብሎ ጎኑን ጨምሮ ማውጣት ያኔ ከሞት ማትረፊያው መንገድ ነበር። በኋላ ሐኪሞቹ ራሳቸው ስፋቱን በደረጃ መክፈል ጀመሩ። በ1974 በአምስት መደብ ተከፈለ። በ2008 ደግሞ ኬርሉና ሞሮው የተባሉ ሐኪሞች ከትንሹ እስከ ትልቁ በአራት ፊደል መደቡት፤ ነርቭ የሚያስቀረውንም ለይተው አስገቡት። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለማሳወቅ አይደለም፤ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የስፋቱ ልክ ሐኪሞች ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት ነው። እናንተ ዘንድ ክርክር ያለበት ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ “ፈርሚ” ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ልኩም ተፈትኗል። ጣሊያን ውስጥ ተሠርቶ በ2001 የታተመ ጥናት መካከለኛውን ስፋት ከሰፊው ጋር አወዳድሮ ነበር። በሕይወት በመቆየት በኩል ጉልህ ልዩነት አልታየም። የሽንት ችግር ግን ሰፊው ከተሠራላቸው 28 በመቶው ላይ፣ መካከለኛው ከተሠራላቸው 13 በመቶው ላይ ታየ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

ከዚያ በ2024 ትልቁ ጥናት ወጣ። ከ12 አገሮች የተውጣጡ 700 ሴቶች የተካፈሉበት ነው። ዕጢያቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ወደ ውስጥም ብዙ ያልጠለቀ ነበር። ግማሾቹ ሰፊው፣ ግማሾቹ ቀላሉ ተሠራላቸው። የሁሉም ንፍፊት ተመርምሯል። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ዳሌ ውስጥ የተመለሰባቸው በሰፊው 2.17 በመቶ፣ በቀላሉ 2.52 በመቶ ናቸው። ያን ያህል የተቀራረበ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላም ሽንት አልወጣ ያላቸው ግን በሰፊው 9.9 በመቶ፣ በቀላሉ 0.6 በመቶ ናቸው። ሽንት የሚያመልጣቸው ደግሞ 11 በመቶና 4.7 በመቶ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዝም አልን። ከመካከላችን ዕጢያቸው ትንሽ ነበር የተባሉ አሉ። ሰፊው ነው የተሠራላቸው። አንዳንዶቹ የታከሙት ይህ ጥናት ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ማንንም አንወቅስም፤ ያኔ የሚታወቀው ያ ነበር። ከወጣ በኋላ የታከሙት ግን ጥያቄ አላቸው። ምናልባት ዕጢያቸው ጠልቆ ነበር። ምናልባት ለመለካት አልተቻለም። ምናልባት ሰፊውን ያስመረጠ ሌላ ምክንያት ነበር። ማንኛውም ምክንያት ቢሆን ተነግሮን ቢሆን ዛሬ ሰዓት እያየን ስንሸና ቢያንስ ለምን እንደሆነ እናውቅ ነበር።

መለካትን ካነሳን፣ ልብስ ሰፊ እንኳን ሳይለካ አይቆርጥም። በ2018 ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን የደረጃ አመዳደቡን ሲከልስ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ያለውን ዕጢ ከ2 እስከ 4 ካለው ለይቶታል። ቀድሞ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያለው በአንድ ይታይ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከዚያች ሁለት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆን ብዙ ነገር ይወስናል። ዕጢውን የሚለካው የኤምአርአይ ምርመራ የታዘዘልን ለምን እንደሆነ ግን አልተነገረንም። ከመካከላችን ሁለት ሴቶች ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለው ሳያሠሩት ቀርተዋል። “ኤምአርአይ አላሠራሽም?” የሚል ጥያቄ ብቻ ነው የተጠየቁት። “ከተነሳሽ ምናልባት የሚወጣው ሥጋ ይቀንሳል” ቢባሉ ኖሮ እቁባቸውን ቀድመው ይለምኑ ነበር፣ እድሩም ያዋጣ ነበር። ድሃ ለምን እንደሚከፍል ሲያውቅ ይከፍላል።

የፓቶሎጂ (የወጣው ሥጋ ምርመራ) ውጤትም እንዲሁ ነው። ውጤቱ በታካሚዋ እጅ አይሰጥም፣ ካርድ ውስጥ ይታሰራል። ካርዱ ከጠፋ ታሪኳ አብሮ ጠፋ። ካርድ ደግሞ ይጠፋል፤ ይህን ለመካድ የሚደፍር ያለ አይመስለንም።

አሁን የምንጽፈው ለእኛ ቀላል አይደለም። ባል ያለን ሴቶች አለን። ሰፊው ኦፕራሲዮን ከብልት ቦይ የላይኛውን ክፍል እንደሚቆርጥ ከመካከላችን አስቀድሞ የተነገራት አንድም ሴት የለችም። ያወቅነው ቤት ገብተን ነው። አንዷ “ካንሰሩ ተመልሶ ይሆናል” ብላ ፈርታ ከባሏ ጋር ከምትተኛበት ክፍል ወጥታ ለወራት ከልጆቿ ጋር አደረች። ምን እንደሆነ የነገረቻት ያቺ የሐሙሷ ሲስተር ነበረች። ያችም ተዛወረች። እንዲህ ያለውን ነገር ለወንድ ዶክተር፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ቀጣዩዋ ታካሚ አንገቷን እያስገባች እንድንጠይቅ አትጠብቁን። አንጠይቅም።

ሌላዋ ገና ሰላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች ናት። ማህፀኗ ብቻ ሳይሆን ኦቫሪዎቿም (የእንቁላል ማምረቻዎቿ) ወጥተዋል። ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድንገተኛ ሙቀት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ወጣት ሴት ላይ ኦቫሪዎቹ ብዙ ጊዜ ሊቀሩ እንደሚችሉ አሁን ነው ያወቀችው። ለእሷ የማይቻልበት ምክንያት ኖሮ ይሆናል። ምክንያቱ ግን የት ተጻፈ? ገና ያልወለደች አንዲት ወጣት ደግሞ ዕጢው ትንሽ ከሆነ የማህፀን በሩን አውጥቶ ማህፀኑን የሚያስቀር አሠራር መኖሩን የሰማችው ከእኛ የቡና ጨዋታ ነው። ኦፕራሲዮኑ ካለፈ በኋላ ነው የሰማችው። አሠራሩን ፈረንሳዊው ሐኪም ዳርዣን ካስተዋወቀው ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚህ መሠራት አለመሠራቱ ሌላ ነገር ነው። “እዚህ አንሠራውም” መባልም መልስ ነው።

እስካሁን ያልነውን የሚያነብ ሰው “ትንሹን ብቻ ሥሩልን እያሉ ነው” ብሎ እንዳይወስደው እንሰጋለን። አይደለም። ተቃራኒውን ያየን አለን። ከመካከላችን የአንዷ እናት ደም እየፈሰሳቸው ሰፈር አካባቢ ያለ የግል ተቋም ሄዱ። ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ) ነው ተባሉ። የማህፀን በራቸውን አቼቶ በመቀባት በሚደረገው ምርመራ እንኳን ሳያዩ ማህፀናቸውን አወጡላቸው። የወጣው ሥጋ ላይ ካንሰር ተገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነው ውጥንቅጥ ነው፤ ደረጃው አይታወቅ፣ ንፍፊቱ አልተመረመረ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሆድ መክፈትም ከባድ። ከጥናቱ የምናነሳው የቀላሉ ኦፕራሲዮን ውጤት በትክክል ተለክተው ለተመረጡ ሴቶች ነው። ማንም ተነስቶ ማህፀን ያውጣ ማለት አይደለም። ይህን የምንለው ለእናንተ ሳይሆን ግልባጩ ለሚደርሳቸው ነው።

ትልቅ ዕጢ ላይ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አለን። ካንሰሩ ወደ ጎን ሥጋው ከገባ ወይም ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ ነው እንጂ ኦፕራሲዮን አይደለም። አንዲት ጡረታ የወጡ እናታችን ሰፊው ተሠራላቸው፤ ቀጥሎ ጨረርም ታዘዘላቸው። ዛሬ አንድ እግራቸው አብጦ ጫማ አይገባላቸውም። ሽንታቸውም አልተስተካከለ። በ1997 የታተመ ሌላ የጣሊያን ጥናት ገና ባልተስፋፋ ደረጃ ላይ ሰፊ ቀዶ ሕክምናንና ጨረርን አወዳድሮ በአምስት ዓመት በሁለቱም በኩል 83 በመቶው በሕይወት እንደነበሩ አሳይቷል። ከባድ ጉዳት ግን በቀዶ ሕክምናው በኩል 28 በመቶ፣ በጨረር በኩል 12 በመቶ ነበር። በቀዶ ሕክምናው በኩል ከነበሩት ብዙዎቹ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጨረርም ተጨምሮላቸዋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጉዳቱ እንደሚበዛ ሐኪሞች ይናገራሉ።

የጨረር ወረፋ እዚህ አገር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር። ዛሬ በክልል ሌሎች ተከፍተዋል። ወረፋው ግን አላለቀም። ሐኪሙ “ወረፋው እስኪደርሳት ካንሰሩ ይቀድማታል፣ ኦፕራሲዮን ይሻላል” ብሎ ቢወስን ውሳኔውን አንንቅም። በእኛ ቦታ ሆኖ እኛንም ያስብ ይሆናል። ያንን ምርጫ ግን እማማ ፊት አስቀምጦ “እንዲህ ካደረግን ይህ ይመጣል፣ እንዲያ ካደረግን ያ ይመጣል” ማለት ይገባ ነበር። እማማ አስተዋይ ሴት ናቸው። ይመርጡ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ገንዘብ ያላቸው ዘመዶቻችን “ውጭ ብትሄጂ በቀዳዳ ይሠሩልሽ ነበር፣ ሆድሽ አይከፈትም ነበር” እያሉ ቅስማችንን ይሰብሩናል። በዚህ እንኳን ለእናንተ እንመሰክራለን። በ2018 የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት በሰፊው ኦፕራሲዮን ላይ በቀዳዳ ከተሠራላቸው ይልቅ ሆዳቸው ተከፍቶ የተሠራላቸው ሴቶች በብዛት በሽታው ሳይመለስባቸው እንደቆዩ አሳይቷል። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ 96.5 በመቶ ለ86 በመቶ ነው። በሆዳችን ላይ ያለው ጠባሳ የድህነት ምልክት አይደለም። ይህንንም እናንተ ብትነግሩን ምን ነበረበት?

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2020 በአገራችን ከ7,000 በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደተያዙ፣ ከ5,000 በላይ ደግሞ እንደሞቱ ገምቷል። አብዛኞቻችን የምንመጣው ዘግይተን ነው። ስለዚህ ቀድማ ደርሳ ኦፕራሲዮን ሊበቃት የቻለች ሴት ዕድለኛ ናት ይባላል። ልክ ነው፣ ዕድለኛ ነን። ሴት ልጆቻችን በትምህርት ቤት የዚህን ካንሰር መከላከያ ክትባት ይወስዳሉ፤ በአገር ደረጃ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ነው። ጤና ጣቢያውም በአቼቶ ይመረምራል፣ ጎረቤቶቻችንን እየጎተትን እንወስዳለን። “እሷን አየሃት፣ ታክማ እንኳን ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም” የሚል ወሬ ግን ሰፈር ውስጥ ከማንኛውም ፖስተር በላይ ይሰማል። አንዲት ጎረቤታችን ውጤቷ ጥሩ እንዳልሆነ ተነግሯት “እንደ እሷ ከምሆን” ብላ ጠበል ገባች። ጠበሉን አንቃወምም። ሕክምናውን ግን መተው አልነበረባትም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የሐሙሱ ፕሮግራም ይመለስ። ሲስተሯ ራሷ ባትሆን ሌላ ሴት ባለሙያ ትሁን። በሩ የሚዘጋ ክፍል ይሰጣት። ባል ወይም አስታማሚ እንዲገባ ታካሚዋ ከፈለገች ይፈቀድ።

ከመፈረማችን በፊት የሚወጣው ነገር በአማርኛ፣ አማርኛ ለማያውቁ እህቶቻችን ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሚሰሙት ቋንቋ ይነገረን። ሥዕል ቢኖረው ደግሞ ይበልጣል፤ ከመካከላችን ማንበብ የማይችሉ አሉ። ዕጢው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ስፋት እንደተመረጠና ለምን እንደተመረጠ፣ ኦቫሪ ይቀር ወይም ይውጣ፣ እነዚህ ነገሮች በአንድ ገጽ ይጻፉልን። ገጹ አንድ ቅጂ በእጃችን ይሁን። የፓቶሎጂ ውጤቱም እንደዚያው።

ካንሰሩ ትንሽ ሆኖ ለተገኘባት ሴት በአዲሱ ጥናት መሠረት ቀላሉ ይበቃት እንደሆነ በክፍላችሁ አቋም ያዙበትና ንገሩን። አቋማችሁ “እዚህ ያለው የምርመራ አቅም ስለማይፈቅድ ሰፊውን እንቀጥላለን” ከሆነም እንቀበላለን። ግን ምን እንዲሟላ እንደሚያስፈልግ ጨምራችሁ ንገሩን። ኤምአርአይ ከሆነ እሱን የሚመለከተውን አካል እኛም እንጠይቃለን። በጤና መድን የተመዘገብን አለን፤ የጤና መድኑ ይህን ምርመራ ለእኛ ይሸፍን አይሸፍን ግልጽ ይሁን።

የሽንት ክትትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ ከተባለ ይሂድ። ከመሄዱ በፊት ግን ከየጤና ጣቢያው ቢያንስ አንድ ነርስ መጥታ ትሠልጥን። ካቴተር መቼ እንደሚነቀል፣ ከተነቀለ በኋላ የቀረውን ሽንት እንዴት እንደሚለካ፣ ስንት ከሆነ ቱቦው እንደሚመለስ፣ የትኛው ምልክት ወዲያው ወደ ሆስፒታል እንደሚያስልክ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከታካሚዋ ጋር ይላክ። ቱቦና ከረጢቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይኑር። ይህ እስኪሆን ድረስ ማስታወቂያው ይነሳ፤ ወደ እናንተ መመላለሱን እንችለዋለን።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ያለው ዘበኛም ሆነ ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ “ቀጠሮሽ ስላልደረሰ” ብሎ እንዳይመልሰን የክፍሉ ማህተም ያለበት አጭር ማስታወሻ ይሰጠን። ሽንት ቀጠሮ አይጠብቅም።

ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን። ደም የሚፈሳትን ሴት ወደ የግል ተቋም ከመሄዷ በፊት የማህፀን በሯን እዩላት። ምርመራው እናንተው ጋ አለ።

ውይይት ከፈቀዳችሁልን ሦስት ተወካዮች መርጠናል። አንዷ መምህርቷ ናት፣ አንዷ ኦፕራሲዮን የተሠራላት፣ አንዷ አስታማሚ። በጠራችሁን ቀን እንመጣለን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ግን አትቅጠሩን፤ ከእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት ታክሲ አይገኝም።

ከሰላምታ ጋር፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንኖር የማህፀን በር ካንሰር ታካሚዎችና አስታማሚዎች ቡድን ጸሐፊ